ለገና ማዕድ የመስኮት ቃሪያ

መስኮት ላይ በበቀለ ተክል የዓመት በርበሬ አይዘጋጅም። ይህን ከጅምሩ የምናገረው ጀሪካን ቆርጦ ዘር የጨመረ ሰው ሁሉ ወዲያው ስንት ኪሎ እንደሚያገኝ ማስላት ስለሚጀምር ነው። ለዶሮ ወጥ የሚሆነው ዛላ በርበሬ ከማረቆና ከአላባ በጆንያ ተጭኖ ይመጣል፤ ያንን ገዝቶ፣ ቀንጥሶ፣ አድርቆ፣ ከነቅመሙ አስፈጭቶ ማስቀመጥ ነው። ቤት ውስጥ የሚተከለው ለሌላ ጉዳይ ነው። ለስንግ የሚሆን ቃሪያ፣ ለዳጣ የሚሆን እሸት፣ አይብ ላይ የሚነሰነስ ጥቂት ሚጥሚጣ። እነዚህ ጉልት ላይ ሁለት ቀን ካደሩ ጠረናቸው ይደክማል። ከተክሉ ተቀጥፈው በቀጥታ ማዕድ ላይ ሲወጡ ግን ቤቱን ያውዱታል።

መመሪያው በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በአካባቢው ላላችሁ፣ በተለይም ግቢ ለሌላችሁ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ነው። መድረሻችን ገና ነው፤ ጓደኞች ተጠርተው የሚበሉበት ቀን።

መቼ ይዘራል?

በዓሉን ይዛችሁ ወደኋላ ቁጠሩ። ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28። ቃሪያ ከዘር እስከ እሸት ፍሬ አራት ወር ተኩል ያህል ይፈልጋል፤ ከዚህም ሁለቱን ወር በችግኝነት ያሳልፋል። ሚጥሚጣ ይዘገያል፤ እስኪቀላ ድረስ ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሚጥሚጣውን ሰኔ እንደገባ፣ ቃሪያውን ሐምሌ እንደገባ ዝሩ። ነሐሴ ላይ ትዝ ያላችሁ ደግሞ ዘሩን ተውትና ችግኝ ከሚያፈሉ ሰዎች አምስት ስድስት ችግኝ ግዙ።

ዘር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በፀሐይ የደረቀ፣ ያልተሰበረና ያልሻገተ ዛላ ብትሰነጥቁ ውስጡ ያለው ፍሬ ይበቅላል። በእሳት የታመሰ ግን አይሆንም። ከዛላው ዓይነት ማረቆ ፋና የሚባለው ሲደርቅ ጥቁር ቀይ ስለሚሆን በገበያ የሚወደድ ነው። የተሻሻለ ዘር የፈለገ ደግሞ ሰፈሩ ላይ ዕድል አለው። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ አዋሽ መልካሳ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። መልካ አወዜ፣ መልካ ሾቴ፣ መልካ ዛላ የሚባሉት የበርበሬ ዝርያዎች በስማቸው ያስታውቃሉ። ለዶሮ ወጥ የምትከትፉት ሽንኩርትም አዳማ ሬድ ከሆነ የዚያው ማዕከል ሥራ ነው።

ዘሩን ለአንድ ሌሊት ለብ ባለ ውኃ ንከሩት። በማግስቱ ከወገቡ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ አፈር ሞልታችሁ፣ ታቹን በስታችሁ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። ለመብቀል ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ነው የሚፈልገው፤ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ በአሥር ቀን ገደማ ብቅ ይላል። የፍሪጅ ጀርባ ወይም የፍሪጅ አናት ለዚህ ይመቻል። ሚጥሚጣው ሦስት ሳምንት ቢቆይም አፈሩን እየቆፈራችሁ አትፈትሹ። እንደበቀለ ግን በዚያው ቀን ወደ ብርሃን አውጡት፤ ጨለማ ውስጥ ሁለት ቀን ከዋለ እንደ ክር ቀጥኖ ይወድቃል።

ፀሐይና ነፋስ

የቱ መስኮት ይሻላል ለሚለው ጥያቄ በውጭ አገር መመሪያ ላይ የሚገኘው መልስ ሁልጊዜ «ወደ ደቡብ የሚያየው» የሚል ነው። እኛ ዘንድ ይህ ግማሽ እውነት ነው። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ ትሻገርና እስከ መጋቢት መጨረሻ እዚያው ትቆያለች። ስለዚህ ክረምቱን ችግኙ በሰሜን መስኮት ሊያድግ ይችላል። ከመስከረም ጀምሮ ግን ወደ ደቡብ ወደሚያየው መስኮት ማዛወር ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይዋ በዚያ በኩል ወደ ክፍሉ ውስጥ ጠልቃ ትገባለች። የምሥራቅ መስኮት ያለው ሰው ይህ ሁሉ አያስጨንቀውም። በቀን ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ከሌላችሁ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ከተክሉ አናት አንድ ክንድ በማይሞላ ከፍታ ሰቅላችሁ በቀን 14 ሰዓት አብሩለት፤ መብራት ባለ ቀን ማለት ነው።

አዳማ ላይ በርበሬን ከበረንዳ ወደ ቤት የሚያስገባው ዋናው ምክንያት ነፋሱ ነው። ከከተማዋ ዳር ኮረብታው ላይ የተሰለፉት ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት በዚህ ነፋስ ነው። ይኸው ነፋስ በደረቁ ወራት በረንዳ ላይ ያለን ተክል ቅጠሉን ያደርቃል፣ አበባውን ያራግፋል፣ በአቧራ ይሸፍነዋል። በተጨማሪም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቃሪያ ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ወይም ቀኑ ከ32 በላይ ሲያቃጥል አበባ ይጥላል። መስኮቱ ስር ግን ሁለቱም ይለዝባሉ።

ቤት ውስጥ የሚገኝ ችግር አንድ ነው። የቃሪያ አበባ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ነገር ግን ዱቄቱን የሚያራግፍለት ነፋስ ወይም ንብ ይፈልጋል። ስለዚህ አበባ ሲያወጣ በየጠዋቱ ግንዱን በጣታችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ይህ ቀላል ነገር ሲረሳ ነው «ያብባል ግን አያፈራም» የሚባለው።

አፈር፣ ዕቃ፣ ውኃ

ዕቃው ቢጫ ጀሪካን ነው። 20 ሊትሩን ከመሃሉ ብትቆርጡት ታቹ ለአንድ ሚጥሚጣ፣ ላዩ ተገልብጦ ክዳኑ ከተከፈተ ለአንድ ቃሪያ ይሆናል። ታቹን ስድስት ሰባት ቦታ በጋለ ምስማር ብሱት። ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካን አትንኩ።

አፈሩን ለማዘጋጀት ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ደግሞ ብሎኬት ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ፑሚስ ቀላቅሉ። ፑሚስ በስምጥ ሸለቆ የሞላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ቀላል ነው፣ ውኃ ይይዛል፣ ትርፉን ያሳልፋል። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ብዙ ሰው በልማድ የምድጃ አመድ ይጨምራል፤ በዚህ አካባቢ ግን ባይጨመር ይሻላል። የስምጥ ሸለቆ አፈር ቀድሞውኑ ወደ አልካሊነት ያደላል፣ አመድ ደግሞ ያንኑ ያባብሰዋል፤ ውጤቱ ቅጠሉ መካከሉ እየገረጣ መሄዱ ነው። ዩሪያም ይቅር። ቅጠሉ ያምራል፣ ጎረቤት ያደንቃል፣ ፍሬ ግን የለም። በሁለት ሳምንት አንዴ ኮምፖስት በውኃ ዘፍዝፎ ያንን ማጠጣት ይበቃል።

ውኃ በቀን መቁጠሪያ አይጠጣም። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ ደረቅ ከሆነ ከታች እስኪወጣ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት። አንድ ሳምንት አድርቆ በሚቀጥለው ማጥለቅለቅ ፍሬውን ከጫፉ ያጠቁረዋል፤ በሽታ ይመስላል እንጂ የውኃ መዛባት ነው። የአፈሩ ፊት ላይ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ ጨው ተከማችቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ዕቃውን ወደ መታጠቢያ ቤት ወስዳችሁ ብዙ ውኃ እያፈሰሳችሁ እጠቡት። በአካባቢያችን የጉድጓድ ውኃ ጨዋማነት ስለማይጠፋው ከእሱ ይልቅ የቧንቧ ውኃ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ይመረጣል።

ችግኙ ስድስት ሰባት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ጀሪካኑ አዛውሩት፤ ማታ ይሻላል። አንድ ስንዝር ሲያድግ ጫፉን ቅጠፉት፣ ቅርንጫፍ ያበዛል። መጀመሪያ የሚመጣውን አበባም ያለ ርኅራኄ ጣሉት።

የመስኮቱ ጠላቶች

በመቂና በባቱ የበርበሬ ገበሬዎች ከድርቅ እኩል የሚፈሩት ቅጠል የሚያዥጎረጉር ቫይረስ ነው። ከእነዚህ ቫይረሶች አንዱ የአገሪቱን ስም ይዞ «ኢትዮጵያን ፔፐር ሞትል ቫይረስ» ተብሎ ይጠራል። ከተክል ወደ ተክል የሚያጓጉዘው ክሽክሽ ነው። ክሽክሽ ካልገባ ቫይረሱም አይገባም፤ የቤት ውስጥ ተክል ከማሳው የሚበልጥበት አንዱ ነገር ይኸው ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩ። ክሽክሽ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጣችሁ ማታ እርጩት፣ በአራት ቀኑ ድገሙት። ቅጠሉ ተዥጎርጉሮ ከተጨማደደ ግን መድኃኒት የለውም። ነቅላችሁ ጣሉት፣ ሌሎቹን አድኑ። ሲጋራ የምታጨሱ ደግሞ ተክሉን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የትምባሆ ቫይረስ ለበርበሬም ይተርፋል።

የበሰለ ሚጥሚጣ በረንዳ ላይ አሳድራለሁ ያለ ሰው ወፍ ሊለቅምበት ይችላል። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ለእኛና ለአጥቢ እንስሳት እንጂ ለወፍ አይሰማትም።

ማን ይመጣል? ምን ይበላል?

አዳማ ላይ ጓደኛ የጠራ ሰው ከምግቡ በፊት እንግዶቹን ያስባል። አንዱ ኦርቶዶክስ ነው፣ ሌላዋ ሙስሊም ናት፣ ሦስተኛው ጴንጤ ነው። ዶሮውን ማን እንዳረደው ጥያቄ ነው፤ በክርስቲያን የታረደውን ሙስሊሟ አትበላም፣ የእሷንም ኦርቶዶክሱ አይበላም። ብዙ ቤት ይህን የሚፈታው ለሙስሊም እንግዳ አትክልት በማቅረብ ነው፤ በገና ቀን ጎመንና ድንች የቀረበለት እንግዳ ግን ተጠርቶ እንደተረሳ ይሰማዋል። የእኔ ፍርድ የማዕዱ መሃል ዓሣ ይሁን የሚል ነው። ዓሣ የአራጅ ጣጣ የለበትም፣ የዝዋይ ሐይቅም ቅርብ ነው። አምባዛ ሳይሆን ቆሮሶ ግዙ፤ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ የማይበሉ ኦርቶዶክሶች አሉና። ዶሮ ወጡ አይቀርም፣ ግን ከጎን ይሁን። ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ስለሚበላ በዚያ በኩል ሐሳብ አይግባችሁ።

ዓሣው የሚጠበስበት መጥበሻና ዘይት ዶሮ ያልነካው ይሁን። ጭልፋውንም ለዩ። ለሙስሊም እንግዳችሁ ይህን ሳትጠየቁ በግልጽ ንገሯት፤ ሳይጠይቁ መብላት ደስ ይላል።

የዋዜማው ሥራ

ዶሮ ወጥ የሚበላሸው ሽንኩርቱ ላይ ነው፣ ሽንኩርቱ የሚበላሸው ደግሞ በችኮላ። ስለዚህ ቁሌቱን በዋዜማው ጨርሱት። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። ያለ ዘይት በደረቅ ድስት፣ በመጠነኛ እሳት አቁላሉት፤ ውኃው ተኖ ቡናማ እስኪሆን አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ቢበልጥም አይደንቅም። ትንሽ ዘይትና 150 ግራም ያህል በርበሬ ጨምሩ። ከዚያ በኋላ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ ሌላ አርባ አምስት ደቂቃ አብስሉት፤ የጥሬ በርበሬ ሽታው ሲጠፋና ዘይቱ ዳር ዳር ሲወጣ ደርሷል። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ ሩብ ኪሎ የነጠረ ቅቤ ይግባበት። ሌሊቱን ይደር። ያደረ ቁሌት ይጣፍጣል፤ በበዓሉ ጠዋት መብራት ቢጠፋም ከሰል ላይ ዶሮውን መጨመር ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ከሰሉን ግን ቀድማችሁ ግዙ፣ በበዓል ዋዜማ ይወደዳል። መስኮቱን ሳትከፍቱም አታንድዱት፤ የከሰል ጭስ ይገድላል።

በበዓሉ ጠዋት በሎሚና በጨው ታጥቦ የተዘፈዘፈውን አሥራ ሁለት ብልት ጨምሩበት። የፈረንጅ ዶሮ ከሃምሳ ደቂቃ አያልፍም፣ የሐበሻው ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። መከለሻው መጨረሻ ላይ፣ የተቀቀለውና የተተለተለው እንቁላል ከእሱም በኋላ። የመስኮት ቃሪያችሁን ዶሮ ወጥ ውስጥ አታስገቡ። ቦታው አይደለም።

የቃሪያው ተራ

ዳጣ የሚሠራው በበዓሉ ጠዋት ነው። ከተክሉ ሃያ ያህል ቃሪያና ሦስት ትኩስ ሚጥሚጣ ቅጠፉ። ማቃጠሉን ለመቀነስ የፈለገ ሰው ፍሬውን ብቻ አራግፎ ይተዋል፤ ዋናው ማቃጠል ግን ፍሬው የተጣበቀበት ነጭ ሥር ላይ ነው፣ እሱን በቢላ ፋቁት። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ አንድ እፍኝ ትኩስ የድንብላል ቅጠል፣ ጥቂት በሶብላ፣ አንዲት ዘለላ ጤና አዳም፣ ጨውና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጨምራችሁ ሙቀጫ ውስጥ ውቀጡ። ብሌንደርም ይሆናል፣ ግን አታልሙት፤ ዳጣ ጥርስ ላይ ሊሰማ ይገባል። ከማዕድ የተረፈው ፍሪጅ ይግባ፣ ከጥቂት ቀንም አይለፍ።

ሚጥሚጣውን ቀደም ብላችሁ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ የቀላውን ለቅማችሁ በወንፊት ላይ አድርቁ። ሲነኩት እንደ ቅጠል ሲሰባበር ከኮረሪማና ከጨው ጋር ውቀጡት። አፍና አፍንጫ ይሸፈን፣ መስኮት ይከፈት፣ ልጆች ከክፍሉ ይውጡ። እሳት ላይ ማመስ ግን በኮንዶሚኒየም ውስጥ አይታሰብም፤ ደረጃው ሁሉ ያስላል፣ ኮሚቴም ይጠራባችኋል። እጃችሁን መጀመሪያ በዘይት አሽታችሁ ቀጥሎ በሳሙና ታጠቡ፤ ካፕሳይሲን በዘይት እንጂ በውኃ አይሟሟም።

ቆሮሶውን ቅርፊቱንና ሆዱን አጽዱ፤ በሁለቱም ጎን በየጣት ስፋቱ እስከ አጥንቱ ሰንጥቁት፤ ጨውና ሎሚ አሹት። አንድ ሰዓት ካረፈ በኋላ በጨርቅ አድርቁት፣ ርጥብ ዓሣ ዘይት ያስፈነጥቃል። ዘይቱ በደንብ ሲግል ሙሉውን ጨምሩት፤ ስንጥቁ ተከፍቶ ጠርዙ ሲያንኮሻኩሽ አውጡት። ለአንድ ሰው አንድ መካከለኛ ዓሣ ቁጠሩ። እንግዳው ደጅ ከደረሰ በኋላ ይጠበስ፤ የቀዘቀዘ ዓሣ ለማንም አይቅረብ።

ስንጉ የመጨረሻው ነው። ቃሪያውን ከጎኑ ሰንጥቃችሁ በደቀቀ ቀይ ሽንኩርት፣ በዘይት፣ በሎሚና በጨው ሙሉት። ማዕዱ ላይ ዓሣው መሃል፣ ዳጣው አጠገቡ፣ ዶሮ ወጡ በራሱ ሳህን፣ አይቡ ሚጥሚጣ ተነስንሶበት በሁለት ሳህን ይቅረብ፤ አንዱ ያለ ሚጥሚጣ። የሚያቃጥል ነገር የማይችል እንግዳ ሲገጥማችሁ ውኃ አትስጡት፣ ያባብስበታል። እርጎ ወይም ወተት ስጡት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ተክሉን አትጣሉት። በርበሬ በጓሮ የአንድ ዓመት ተክል የሚመስለው ድርቅና በሽታ ስለሚገድለው ነው እንጂ ከተያዘ ለዓመታት የሚኖር ተክል ነው። በጥር ቅርንጫፎቹን በግማሽ ቁረጡ፣ ከላይ አዲስ ኮምፖስት ጨምሩ፣ ውኃውን አትርሱ። ሥሩ የጠና ሚጥሚጣ ከሆነ ለፋሲካ እንደገና ያፈራል።